ሣር ለኪዋ ደንብ ስትጽፍ

ተማሪዋ ጉልበቷን አጥፋ ሣሩ መሐል ተቀምጣለች። ራሷን በነጠላ ጠምጥማለች፤ ጓሳ ላይ በየካቲት ጠዋት የሚነፍሰው ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። ከፊቷ አራት ችካል ተተክሎ፣ በየጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ገመድ ተወጥሯል። በገመዱ ውስጥ የበቀለውን የጓሳ ሣር እግር በእግር ትቆጥራለች፤ ቁመቱን በሜትር ትለካለች፤ ደብተሯ ላይ በእርሳስ ታሰፍራለች።

አጠገቧ ባና የደረቡ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ብዙ ዝም ብለው ካዩዋት በኋላ ጎንበስ ብለው አንድ ዘለላ ቆረጡና በጣታቸው ጠመዘዙት።

«ልጄ፣ ይሄ ገና ነው። ገመድ አይወጣውም።»

«በምን አወቁ አባባ?»

«ሲጠመዘዝ ይሰበራላ። የደረሰ ጓሳ ይታዘዛል።»

እሷም ይህንኑ ከቁጥሩ ጎን ጻፈችው። ሽማግሌው አልሄዱም። «ቆጥረሽ ስትጨርሺ ቁጥሩ ለማን ይደርሳል?» ሲሉ ጠየቋት። ለመመረቂያ ጽሑፏ እንደሆነ ነገረቻቸው። «እሱማ ገባኝ፤ ከዚያስ?» አሏት። መልስ አልነበራትም።

ይህ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የብዙ ተማሪዎችን የመስክ ሥራ ከማስተጓጎሉ በፊት ነው። ተማሪዋ ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም። ያኔ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበረች፤ ዕፅዋት ለማጥናት የገባችበት ትምህርት ወደ ሕግና ፖሊሲ የዞረባት በዚያ ጠዋት ጥያቄ ምክንያት እንደሆነ ደጋግማ ነግራኛለች። እኔም አብሬያት የሄድኩት የአካባቢ ጥበቃ ትምህርታችን «ከዚያስ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚቆም ማየት ስለፈለግሁ ነው።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ደጋ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ይወርዳል፤ ከላይ የሚጠራቀመው ውሃ ከፊሉ ወደ አዋሽ፣ ከፊሉ ወደ አባይ ይሄዳል። ለመንዝ ሰው ጓሳው የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ከዝናብ የሚከልል ገሳ ነበር፤ ጨረንፌ የተባለው ቁጥቋጦ ደግሞ ማገዶ ነው። በድርቅ ዘመን ከብት የሚተርፈው እዚያ ነው።

በዚህ ደጋ ላይ በጅብራ ተክሎች መሐል ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ሲግጥ ይውላል። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮም አለ። በመላ አገሪቱ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ጓሳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳይቷል፤ ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ብቻ ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም ብዙውን ጊዜ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን እምብዛም አይነካም። ሣሩ ከጠፋ አይጡም፣ ጭላዳውም፣ ቀበሮውም አብረው ይሄዳሉ።

ሣሩ እስካሁን የቆየው ግን ቀበሮውን ለማዳን ተብሎ አይደለም። መንዞች ቢያንስ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳን ሲጠብቁ ኖረዋል። መሬቱ አስቦ እና ገራ ከተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ለሚወለዱ ሰዎች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ወገን ተስማምቶ የሚመርጠው፣ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ነበረው። አለቃው ጓሳውን ይዘጋል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም ማጭድ አያነሳበትም። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ለሁሉም ይነገራል፤ ባለድርሻው በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ አጭዶ፣ በአህያ ጭኖ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ጠባቂውም ራሱ ባለድርሻው ነው፤ በተራ ይወጣል። ቅጣቱ ከባድ ነበር።

ይህን ሥርዓት ማወደስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጎደሎው አብሮ መነገር አለበት። ርስት የሌለው ሰው ድርሻ አልነበረውም። የአስቦና የገራ ዘር ያልሆነ ጎረቤት ቤቱ ቢያፈስም ከዳር ቆሞ ያይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ለነዚህ ሰዎች በር ከፈተ። ቄሮንም አብሮ አፈረሰው። ጓሳ በአንድ ጊዜ የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም ሲሆን ጠባቂ አጣ። ሞፈርና ከብት ገባበት። ሰዉ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ከየገበሬ ማኅበሩ የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቁሞ የቀረውን ለማትረፍ ታገለ።

ዘላለም ተፈራ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በዚሁ ላይ ነው። ቀበሮውን ሊያጠና የሚሄድ ሰው ቀበሮውን ይቆጥራል፤ እሱ ግን ቀበሮው የቆመበትን ደንብ ጭምር አጠና። ማን ይመርጣል፣ ማን ይዘጋል፣ ማን ይቀጣል፣ አዋጁ ሲመጣ የቱ ፈርሶ የቱ ቀረ ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጓሳ በማኅበረሰብ የሚተዳደር የጥበቃ ቦታ ሆኖ ሲቋቋም፣ ውሳኔው የተመሠረተበት ዕውቀት በአብዛኛው ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የመጣ ነው። ተማሪዋ ይህን ጽሑፍ ያነበበችው ከሽማግሌው ጋር ከተነጋገረች በኋላ ነው። «ስለ ቀበሮው ለማንበብ ነበር የከፈትኩት፤ ያስቀረኝ ግን ስለ ስብሰባ የተጻፈው ክፍል ነው» አለችኝ።

አሁን ከባድ ወደሆነው ጉዳይ ልምጣ። መንዝ ውስጥ በመንገድ ዳር ያሉትን ቤቶች ያየ ሰው የሣር ክዳን እየቀነሰ፣ ቆርቆሮ እየበዛ እንደሄደ ያስተውላል። ገመዱም የፕላስቲክ ሆኗል። ለዘመናት ጓሳን ያስጠበቀው ጥቅም እየሳሳ ነው ማለት ነው። ሣሩን የሚፈልገው ሰው ሲያንስ መሬቱን ለእርሻና ለግጦሽ የሚፈልገው ሰው አይቀንስም፤ ይብሳል። ደንቡ በወረቀት አለ፤ ኮሚቴው አለ፤ ጓሳውን የሚጠብቁ ስካውቶችም አሉ። ነገር ግን ደንቡን ያቆመው ጥቅም ሲለወጥ ደንቡ በምን ይቆማል? ተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን ወደዚህ ጥያቄ አዞረችው። አንድ መምህሯ ርዕሱ የሕግ ትምህርት ቤት ነው ብለው ተቃወሟት። ይህ መልስ የአንድ ሰው አይደለም፤ ከብዙ ተማሪዎች አፍ ሰምቼዋለሁ።

ለንጽጽር የሄደችበት ቦታ ከጓሳ ብዙ የማይርቅ፣ የራሱን ትንሽ የጋራ ግጦሽ ከልሎ መተዳደሪያ ደንብ ለማውጣት የሚሞክር ቀበሌ ነው። ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ነበር። ወንዶቹ ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ራቅ ብለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ተማሪዋ የሣሩን ልኬት፣ ለማገገም ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልገው አስረዳች። ሲሰሟት ቆዩ። ከዚያ አንድ ወጣት ተነሳ።

«እኛ ከአባቶቻችን የተካፈልነው መሬት የለንም። ከብት ነው ያለን። ግጦሹን አራት ዓመት ስትዘጉት እኛ አራት ዓመት የት እንክረም?»

ጉባኤው ተንጫጫ። ሰብሳቢው ዝም ካሰኙ በኋላ፣ ከሴቶቹ መሐል አንዲት እናት እጃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ። «ቤቴ ቆርቆሮ ነው። ሣሩ ለኔ አሁን ምኔ ነው? ማገዶውን ግን ከለከላችሁኝ። ሣሩ የሚጠቅመው ከብት ላለው ነው፤ ማገዶው የሚጠቅመው ለኔ ነው። ደንቡ ውስጥ እኔ የለሁበትም።»

ተማሪዋ እንደነገረችኝ፣ የሰበሰበችው ልኬት ሁሉ ትክክል ነበር፤ አንዱም ግን ለኚህ ሴት መልስ አይሆንም። በዚያን ዕለት ማታ ከሰብሳቢውና ከቀበሌው ጸሐፊ ጋር ተቀምጠው የደንቡን ረቂቅ አንቀጽ በአንቀጽ አነበቡት። ማገዶ የሚለቀምበት ቀን ይወሰን፤ የተረፈው ሣር ታጭዶ ይሸጥና ገንዘቡ በተራ ለሚጠብቁት ይከፈል፤ ከብት የሌላቸው ቤተሰቦች የሽያጩ ድርሻ ይኑራቸው። ይህኛው ሐሳብ ብዙ አከራከረ። ጥበቃ ላልወጣ ሰው እንዴት ይከፈላል ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ ሴቶችም ለጥበቃ ተራ ይመዝገቡ በሚለው ተስማሙና በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ያቺ አንቀጽ፣ እንደ እኔ፣ ከመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ የምትበልጥ ሥራ ናት።

የአካባቢ ጥበቃ ተማሪ ነኝ ሲባል ብዙ ሰው ችግኝ ተከላ ይመስለዋል። በአረንጓዴ አሻራ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ሕዝቡ ወጥቶ ይተክላል፤ ቁጥሩም በቴሌቪዥን ይነገራል። ችግኙ በሁለተኛው ዓመት መኖሩ የሚወሰነው ግን ከብቱን ማን ይመልስለታል በሚለው ነው። በ«እመጓ» መጽሐፍ ደራሲነቱ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንዱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሠራው በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር ደኖቹ ውስጥ ዘር ይወድቃል፤ ይበቅላል፤ ነገር ግን ከብት ይግጠዋል፤ ይረግጠዋል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለውም። ከዚያ በኋላ የመጣው መፍትሔ እጅግ ቀላል ነበር፤ የድንጋይ ካብ። ድንጋዩም ከአርሶ አደሩ ማሳ ተለቅሞ ስለሚመጣ ማሳውን ያጸዳል። ካቡ እንዲቆም የወሰኑት ግን ካህናቱና ምዕመኑ ናቸው። አጥኚው ውጤቱን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ወደ ደጀ ሰላሙም ባይሄድ ኖሮ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር።

እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች ከቀበሌ አልፈው እንዲጸኑ ሕግ ያስፈልጋቸዋል። ተማሪዋ ነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ የጀመረችው እዚህ ላይ ነው፤ ትምህርት ክፍሏ አላስተማራትም፤ አንድ የሕግ ምሩቅ ጓደኛዋ ነው ያስጀመራት። መጀመሪያ ያገኘችው የደን አዋጁን ነው። በአዋጅ ቁጥር 542/1999 ደን የግል ወይም የመንግሥት ነበር። አንድ መንደር ለትውልድ የጠበቀው ደን በሕግ የመንደሩ የሚባልበት ስፍራ አልነበረውም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንና የማኅበር ደን የሚሉትን ጨመረ። በወረቀት ላይ ጥቂት ቃላት ናቸው። ደኑን ለጠበቀው መንደር ግን ወራሪ ሲመጣበት ከሳሽ ሆኖ መቆም ወይም አለመቆም ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱን ብዙዎቻችን የምናነሳው ለሌላ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 44 ግን ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲ ጸደቀ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይፈቀድለት እንዳይጀመር ከለከለ፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ይህን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ አዘዘ። ሕጉ ክፉ አይደለም። የሚጎድለው ሕጉን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጥ፣ ልኬቱንም የሚያውቅ ሰው ነው። ሕግ የተማረው ሣሩን አያውቀውም፤ ሣሩን የሚያውቀው አዋጁን አላነበበም።

ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የዕፅዋት ሊቅ ነበሩ። ዶክትሬታቸውን እ.ኤ.አ. በ1969 ከዌልስ ይዘው መጡ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ፤ የኢትዮጵያን ዕፅዋት መዝግቦ በመጽሐፍ የማውጣቱን ፕሮጀክት ለዓመታት መሩ። በዚያው ቢቆዩም ስማቸው በቂ ነበር። ግን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን እየመሩ ወደ ዓለም አቀፍ ድርድር ገቡ።

ጉዳዩ ዘረ መላቸው የተለወጠ ሕያዋን በአገሮች መካከል ሲዘዋወሩ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ይጠየቅ፣ ካልፈለገም እምቢ ይበል የሚል ነበር። በየካቲት 1991 ዓ.ም. ኮሎምቢያ፣ ካርታኼና ላይ የተጠራው ጉባኤ ሳይስማማ ተበተነ። በአንድ ወገን አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊና ኡራጓይ ነበሩ፤ ዋነኞቹ እህል ላኪዎች። በሌላው ወገን የአፍሪካና የታዳጊ አገሮች ቡድን ቆሞ ነበር፤ ቃል አቀባዩ ተወልደ ብርሃን ናቸው። አልለቀቁም። በጥር 1992 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ይህን የሚደነግገው ፕሮቶኮል ጸደቀ፤ ተቀባይ አገር እምቢ የማለት መብቱን አገኘ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተሸለሙ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. አረፉ።

ተማሪዋ ስለ እሳቸው ስታወራ የምትደነቀው በሽልማቱ አይደለም። በድርድሩ አዳራሽ ሲቀመጡ ስለ ዘር የሚናገሩት ዘርን ስለሚያውቁ ነው፤ በሳይንስ ቃል ሊያምታታቸው የሚችል ተደራዳሪ አልነበረም። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ዛሬ ወደ አየር ንብረት ጉባኤ የሚሄደው ወጣት ልዑክ የድርጅቶቹን ምኅጻረ ቃል ሁሉ በቃሉ ይዞ፣ አንድ ሄክታር ግጦሽ ስንት በግ እንደሚችል ካላወቀ የመንዝን ሰው ወክሎ ምን ሊል ይችላል?

ሥራው እንዴት ነው? በግልጽ እንነጋገር። በደን ትምህርት ቀዳሚ የሆነው የወንዶ ገነት ኮሌጅ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያ ሲያወጣ ኖሯል፤ ዛሬ በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ይሰጣሉ። ምሩቁ ብዙ ነው። መውጫ ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን ቦታ ጠባብ ነው፤ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የክልል አካባቢ ጥበቃ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የምርምር ተቋም፣ ዕድል ከቀናም መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት። ወረዳ የሚገባው ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ሞተር ሳይክል ካገኘ ነዳጅ የለውም፤ በጥር ለተፋሰስ ሥራ፣ በሐምሌ ለችግኝ፣ በመሐሉ ለሪፖርት ይሮጣል። የእርከኑን ኪሎ ሜትር የሚጠይቀው አለቃ እንጂ ደንቡ ምን ላይ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጎበዞቹ ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ግን የሚያስቆጨኝ እዚያው ነው፤ የጋራ መሬት ዕጣ የሚወሰነው ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይልቅ ወረዳ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ወረዳን ደካማ ተማሪ የሚላክበት ቦታ አድርገን እናየዋለን።

ተማሪዋ ከተመረቀች በኋላ ከጓሳ ርቆ በሚገኝ ወረዳ አካባቢ ጥበቃ ክፍል ተቀጥራለች። ባለፈው ስንነጋገር ጠረጴዛዋ ላይ የድንጋይ ካባ ሊከፍት የሚፈልግ ባለሀብት ፋይል ነበር። የተጽዕኖ ግምገማው ሪፖርት በሚያምር ጥራዝ ተጠርዟል፤ ማኅበረሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል ይላል፤ የተሳታፊዎች ፊርማም ተያይዟል። ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም የወንድ ናቸው። ካባው የሚከፈትበት ቦታ ደግሞ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ ያለበት ነው።

አለቃዋ ኢንቨስትመንት አታደናቅፊ ብለዋታል። እሷም ፕሮጀክቱን አልተቃወመችም። በአዋጁ አንቀጽ 15 መሠረት ሪፖርቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት መሰብሰብ እንዳለበት ጠቅሳ፣ ምንጩ በክረምትና በበጋ ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጥ ተለክቶ እንዲቀርብ ጠይቃ ደብዳቤ አረቀቀች። የምንጩን የበጋ መጠን ራሷ ባልዲና ሰዓት ይዛ ወርዳ ለክታ ከደብዳቤው ጋር አያይዛዋለች። አለቃዋ ሁለት ቀን ካቆዩት በኋላ ፈረሙ። ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት ወጥቷል፤ ስብሰባው ለፊታችን እሑድ ተቀጥሯል፤ ሴቶቹም እንዲጠሩ ለቀበሌው ሊቀ መንበር በስልክ ነግራቸዋለች።